ከአሮጌ የማይክሮዌቭ ትራንስፎርመር የላሜራ መበየጃ አሠራር

ድሬዳዋ ውስጥ በታይዋን ገበያ ዙሪያ ባሉት የጥገና ቤቶች ደጃፍ፣ ክዳኑ ተነሥቶ ሆዱ የተዘረገፈ ማይክሮዌቭ ማየት የተለመደ ነው። ጠጋኙ የሚፈልገውን ሰሌዳና ሞተር ከፈታ በኋላ ቀሪው አካል ቆራሌውን ይጠብቃል፤ ቆራሌውም በኪሎ ሒሳብ ይወስደዋል። ማይክሮዌቭ ሲበላሽ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ ምግቡን የሚያሞቀውን ሞገድ የሚያመነጨው የማግኔትሮኑ፣ የበሩ ማብሪያዎች፣ የፊውዙ ወይም የመቆጣጠሪያው ሰሌዳ ነው፤ ከ4 እስከ 6 ኪሎ ገደማ የሚመዝነው ትራንስፎርመር እምብዛም አይቃጠልም። ስለዚህ በቁርጥራጭ ብረት ዋጋ የሚሸጠው ዕቃ ውስጥ ገና ብዙ ዓመት የሚያገለግል ኮር፣ ማለትም የብረት እምብርት፣ እና በእርሱ ላይ የተጠመጠመ የሽቦ ጥቅል አለ ማለት ነው። ከዚህ በታች የተጻፈው ያንን ትራንስፎርመር ወደ ነጥብ መበየጃ፣ ማለትም ሁለት ስስ ላሜራ ያለ ኤሌክትሮድና ያለ ጋዝ በነጥብ ወደሚያጣብቅ መሣሪያ የመለወጥ ሥራ ነው።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት መላው መመሪያ የቆመበትን አንድ ደንብ ላስቀምጥ። ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያወጣው ጥቅል ተቆርጦ ከኮሩ ላይ እስኪወጣ ድረስ ትራንስፎርመሩ ከመብራት ጋር አይገናኝም። ለአንድ ሰከንድም ቢሆን፣ «ይሠራ እንደሆነ ልየው» ተብሎም ቢሆን አይገናኝም። ምክንያቱ ቀላል ነው። ትራንስፎርመሩ 220 ቮልት ተቀብሎ 2000 ቮልት ገደማ ያወጣል፤ እስከ ግማሽ አምፔር የሚደርስ ጅረትም ያለ ችግር ይሰጣል። በደረት በኩል የሚያልፍ ጥቂት አሥር ሚሊአምፔር ልብን ሊያቆም እንደሚችል ለሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው። የቤቱ ብሬከርም ሆነ የፍሳሽ ጅረት የሚቆጣጠረው ብሬከር እዚህ ላይ አያድንም፤ የወጪው ጥቅል ከመስመሩ በኮሩ ስለተለየ ሰውየው ላይ የሚሆነውን ነገር ብሬከሩ አያየውም። በዚሁ ትራንስፎርመር እንጨት ላይ የመብረቅ ቅርጽ እያቃጠሉ የሚያሳዩ ቪዲዮዎች በየስልኩ ይዞራሉ። ያንን ሲሠሩ የሞቱ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ስለዚህ ስለ አሠራሩ እዚህ አንድም ቃል አልጽፍም።

በምን ላይ አይሠራም?

በየምሰሶው ላይ የተሰቀሉት ወይም ከአገልግሎት ወጥተው በየግቢው የተጣሉት የመብራት ኃይል ትራንስፎርመሮች የዚህ ሥራ ዕቃዎች አይደሉም። የሕዝብ ንብረት መሆናቸው አንድ ነገር ነው። ከዚያም ሌላ በ15 ሺህ ቮልት መስመር ላይ የሚሠሩ ናቸው፤ የድሮዎቹ ዘይትም ፒሲቢ የተባለ መርዛማ ኬሚካል ሊኖርበት ይችላል። ይህ ኬሚካል በሰውነት ውስጥ የሚከማች በመሆኑ የስቶክሆልም ስምምነት አገሮች በውስጡ የያዙ ዕቃዎችን እ.ኤ.አ. እስከ 2025 ድረስ ከአገልግሎት እንዲያወጡ ጠይቋል። ዘይቱን ለብየዳ ማሽን ማቀዝቀዣ፣ አልፎ ተርፎም ለቁስል መቀቢያ የሚፈልግ ሰው ካጋጠመዎት እንዳይነካው ይምከሩት። የድሮ ቴሌቪዥን ከፍተኛ ቮልቴጅ ክፍልም ለዚህ አይሆንም፤ ኮሩ ፌራይት፣ ሽቦውም እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው። አዳዲሶቹ ቀለል ያሉ ማይክሮዌቮችም ከከባዱ ትራንስፎርመር ይልቅ ኢንቨርተር የተባለ ሰሌዳ ስለሚጠቀሙ ከፍተው ትንሽ ኮር ካገኙ መልሰው ይዝጉት።

ሲገዙ የሚታይ ነገር

ከመግዛትዎ በፊት በማይክሮዌቩ ጀርባ የተለጠፈውን ጽሑፍ ያንብቡ። ይህን ምክር በድሬዳዋ ላሉ አንባቢዎች አጥብቄ የምሰጥበት ምክንያት አለኝ። ወደ ከተማችን የሚገባው ዕቃ ከብዙ አገር የመጣ ነው። የእኛ መስመር 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ከጅቡቲና ከዱባይ የሚመጣው በአብዛኛው ከዚህ ጋር ይስማማል፤ ከሳዑዲ ዓረቢያ የሚመጣው ግን ቮልቴጁ ቢመሳሰልም ለ60 ኸርዝ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ለ60 ኸርዝ የተሠራ ኮር በ50 ኸርዝ ሲሠራ የሚሸከመው ማግኔታዊ ፍሰት በአንድ አምስተኛ ስለሚጨምር፣ መጀመሪያውኑ እስከ ጫፍ ተጨናንቆ የሚሠራው የማይክሮዌቭ ትራንስፎርመር ምንም ሳይበይድ ብቻውን እየጮኸ ይግላል። እኔ አንዱን እንዲህ ገዝቼ ነበር። «ወንድም፣ ይሄ የሳዑዲ ኦሪጅናል ነው፤ የቻይና እንዳይመስልህ» ብሎ በጥሩ ዋጋ ሸጠልኝ፤ እውነቱንም ነው፣ የሳዑዲ ነበር። በጽሑፉ ላይ 120 ቮልት የሚል ካዩ ደግሞ የአሜሪካ ዕቃ ነውና ይተዉት።

ኃይሉ 700 ዋት ከሆነ ማይክሮዌቭ ይልቅ 1000 ዋት የሆነው ትልቅ ኮር ስላለው ይሻላል። የዕቃው መልክ ማማር ወይም የበሩ መስተዋት መሰበር ለእኛ ምንም አይደለም።

መክፈትና ካፓሲተሩን ማራገፍ

ስፒናውን ከሶኬት ይንቀሉና ገመዱን በዓይንዎ ሥር፣ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡት። የሌላ ሰው እጅ መልሶ እንዳይሰካው ይህ ቀላል ልማድ ይበቃል። ክዳኑን ሲከፍቱ በመጀመሪያ የሚፈልጉት ትራንስፎርመሩን አይደለም፤ ከአጠገቡ ያለውን የቆርቆሮ ጣሳ የመሰለ ካፓሲተር ነው። በላዩ 1 ማይክሮፋራድ አካባቢ የሆነ መጠንና 2100 ቮልት የሚል ጽሑፍ ያገኛሉ። ማይክሮዌቩ ሲሠራ ይህ ዕቃ እስከ 2800 ቮልት ገደማ ይሞላል፤ ስፒናው ከተነቀለም በኋላ ሊይዘው ይችላል። በውስጡ ኃይሉን ቀስ እያለ የሚያፈስ ሬዚስተር አብዛኛውን ጊዜ ቢኖርም፣ ሬዚስተሩ ተቋርጦ እንደሆነ ከውጭ የሚያስታውቅ ምልክት የለም። ስለዚህ ለሳምንታት ቆሞ የነበረ ማይክሮዌቭ እንኳ ቢሆን እንደ ሙሉ ይቆጠራል።

የማራገፊያው መሣሪያ 10 ኪሎኦም የሆነ፣ 10 ዋት የሚችል የሸክላ ሬዚስተር በሁለት በደንብ በተሸፈኑ ሽቦዎች መካከል ተበይዶ የሚሠራ ነው። አንድ እጅዎን ከኋላዎ አድርገው፣ በሌላው እጅ በረጅም የፕላስቲክ እጀታ ይዘው ሁለቱን የካፓሲተር ጫፎች ለጥቂት ሰከንድ ያገናኙ። ቀጥሎ እያንዳንዱን ጫፍ ከማይክሮዌቩ አካል ጋር ያገናኙ፤ በመጨረሻም እጀታው ያልተሰነጠቀ ካቻቢቴ በሁለቱ ጫፎች ላይ አጋድመው ያረጋግጡ። ባዶ ከሆነ ምንም አይሰማም፤ ቀሪ ካለው ይጮኻል። ከማራገፍ በፊት ቴስተር ይዞ «ስንት እንዳለው ልለካ» ማለት ስሕተት ነው፤ የምንጠቀምባቸው ተራ ቴስተሮች ከ600 ወይም ከ1000 ቮልት በላይ እንዲለኩ አልተሠሩም። ከተራገፈ በኋላ ሁለቱን ጫፎች በቁራጭ ሽቦ አስረው ያስቀምጡት።

ማግኔትሮኑን ሲያወጡ በጫፉ ያለውን ሸክላ አይስበሩ፣ አይፍለጡት፣ በግራይንደርም አይንኩት። ከአንዳንዶቹ ሸክላ ውስጥ ቤሪሊየም ኦክሳይድ ሊገኝ ይችላል፤ ዱቄቱ ወደ ሳንባ ከገባ ከባድ በሽታ ያመጣል። በውስጡ ያሉት ሁለት ክብ ማግኔቶች ያጓጓሉ፤ ለእነርሱ ሲባል ግን ሸክላውን መምታት አይገባም።

ከዚህ ማይክሮዌቭ የሚቀሩልን ሌሎች ነገሮችም አሉ። ማቀዝቀዣው ፋን በቀጥታ በ220 ቮልት የሚሠራ ነው፤ ይቀመጥ። በማግኔትሮኑ ላይ የተለጠፈችው ክብ የሙቀት መቁረጫ ትቀመጥ። የበሩ ማብሪያዎችም 15 ወይም 16 አምፔር የሚችሉ ስለሆኑ መበየጃውን በእግር ለምናበራበት ፔዳል ያገለግላሉ፤ ከእነርሱ አንዱ ግን ተንኮለኛ ነው፤ በሩ ሲከፈት ሌሎቹ ማብሪያዎች ሳያቋርጡ ከቀሩ መስመሩን ሆን ብሎ አጋጭቶ ፊውዙን እንዲያቃጥል የተሠራ ነው። ስለዚህ ማብሪያዎቹን አንድ በአንድ በቴስተር ይፈትሹና ሳይጫን ክፍት፣ ሲጫን ብቻ የሚገናኝ ሁለት እግር ያለውን ይምረጡ።

ጥቅሎቹን መለየት

ትራንስፎርመሩ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ሦስት ጥቅል ይታያል። ወፈር ካለ ሽቦ የተጠቀለለውና ሁለት ሰፋፊ እግሮች ያሉት ገቢው ጥቅል ነው፤ በቴስተር ሲያዩት ከ1 እስከ 3 ኦም ገደማ ያነባል። በቀጭን ሽቦ ብዙ ዙር የተጠቀለለው፣ ወፍራም ወረቀት የለበሰውና አንድ ጫፉ በቀጥታ ከኮሩ ጋር የተበየደው የ2000 ቮልቱ ወጪ ጥቅል ነው፤ ከነጻ ጫፉ እስከ ኮሩ ከ60 እስከ 200 ኦም አካባቢ ያነባል። ሦስተኛው ሁለት ወይም ሦስት ዙር ብቻ ያለው፣ ለማግኔትሮኑ ማሞቂያ 3 ቮልት ገደማ የሚሰጠው ሽቦ ነው። በመጨረሻ ከገቢው ጥቅል እስከ ኮሩ ይለኩ፤ ቴስተሩ ምንም ግንኙነት ማሳየት የለበትም። ጥቂት እንኳ ካነበበ ጥቅሉ ወደ ኮሩ ያፈስሳል፤ ያንን ትራንስፎርመር ለቆራሌው መመለስ ነው።

በሁለቱ ጥቅሎች መካከል ደግሞ ትናንሽ የብረት ጡብ የሚመስሉ የላሜራ ድርድሮች ተሸጉጠዋል። ሥራቸው ጅረቱን መገደብ ነው። ለእኛ ሥራ ይወጣሉ፤ አንደኛ ቦታው ለወፍራሙ ኬብል ያስፈልጋል፣ ሁለተኛም ጅረቱ እንዲገደብ አንፈልግም።

መቁረጥ

ኮሩን በግራይንደር ከፍቶ ጥቅሉን ሙሉውን የሚያወጣ ሰው አለ። የኮሩ ሁለት ክፍሎች በጎን በኩል በቀጭን ብየዳ ስለተያያዙ ብየዳው ተቆርጦ ሊከፈት ይችላል፤ ነገር ግን መልሶ ሲገጠም በመካከል ክፍተት ከቀረ ትራንስፎርመሩ ይጮኻል፣ ባዶውንም ብዙ ጅረት ይስባል። እኔ የምመርጠው በሰጌቶ መቁረጥን ነው። ክንድ ያደክማል፤ ግራይንደር ግን በቅጽበት ወደ ገቢው ጥቅል ዘልሎ ይገባል።

ኮሩን ወጪው ጥቅል ወደ ላይ እንዲሆን አድርገው በሞርሳ ይያዙ። በገቢው ጥቅል ላይ አንድ ቁራጭ ላሜራ ከሥሩ ካርቶን አድርገው ይሸጉጡ፤ ይህ ጋሻ ነው። ሰጌቶውን ከኮሩ ፊት ጋር እኩል አድርገው ከኮሩ የወጣውን የጥቅሉን ጎን ይቁረጡ፣ ገልብጠው በሌላኛው በኩልም ይድገሙት። የሽቦው ቀለም ነጭ ከሆነ አሉሚኒየም ነውና ቶሎ ያልቃል፤ ቀይ ከሆነ መዳብ ነው፣ ክንድም ትዕግሥትም ይጠይቃል፣ ግን ቆራሌው በደስታ የሚወስደው እርሱን ነው። አሁን በኮሩ መስኮት፣ ማለትም ጥቅሉ በሚያልፍበት ክፍተት፣ ውስጥ ሁለት የደነደኑ ግንዶች ይቀራሉ። በቬርኒሽ ስለተጣበቁ በመዶሻ ብቻ አይወጡም። በትራፓኖ በየግንዱ መካከል ሦስት አራት ቀዳዳ ይብሱና ውጥረቱን ያላሉ፤ ከዚያ ከመስኮቱ ትንሽ የሚያንስ ጠንካራ እንጨት በላዩ አድርገው ይምቱት። መጀመሪያ ምንም አይንቀሳቀስም። ድንገት ድምፁ ይለወጣል፤ ጠንካራው «ጭው» የሚለው ወደ ደረቅ «ጠብ» ሲዞር ግንዱ መንሸራተት ጀምሯል ማለት ነው። ቀስ በቀስ እንደ ተጠቀለለ ወረቀት ወጥቶ ይወድቃል። የብረት ጡቦቹንም በተመሳሳይ ያውጡ፣ የማሞቂያውንም ሽቦ ይሳቡ። በመጨረሻ የመስኮቱን ጠርዝ በፋይል ያለስልሱ፤ የብረት ብናኝ በገቢው ጥቅል ላይ እንዳይቀር በብሩሽና በአየር ያጽዱ።

የመጀመሪያ ትራንስፎርመሬን ያበላሸሁት እዚህ ላይ ነው። ጋሻ አላደረግሁም፤ ሰጌቶው ተንሸራትቶ በገቢው ጥቅል ላይ ሁለት ሽቦ ጫረ። ጭረቱ ከጥፍር አይበልጥም ነበር። በናስትሮ ሸፍኜው «ይህ ምን ያመጣል» አልኩ። ያመጣው ቀጥሎ በሚነገረው ፈተና ታየ።

በተከታታይ አምፖል መፈተን

በምድር ባቡሩ ጥገና ክፍል ዕድሜያቸውን የጨረሱ አንድ ሽማግሌ ናቸው ይህን ያስተማሩኝ። «ጋሼ፣ በቀጥታ ብሰካው ምን ይሆናል?» ስላቸው «ፊውዝህ ይሞታል፤ ባይሞት አንተ ትሞታለህ» ነበር መልሳቸው። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ አንድ 100 ዋት የሆነ የድሮውን ክር ያለው አምፖል ከገቢው ጥቅል ጋር በተከታታይ ያገናኙና ሁለቱን በአንድነት ወደ መስመሩ ይስኩ። ኤልኢዲ አምፖል ለዚህ አይሆንም። ጥቅሉ ጤነኛ ከሆነ አምፖሉ ደብዘዝ ብሎ ይበራል ወይም ክሩ ብቻ ይቀላል። ከጥቅሉ ውስጥ ሁለት ዙር ተነካክተው ከሆነ ግን ትራንስፎርመሩ እንደ አጭር መስመር ስለሚሆን አምፖሉ ሙሉ ብርሃን ይሰጣል። የእኔ አምፖል እንደ ሠርግ ቤት በራ። ያች ከጥፍር የማትበልጥ ጭረት ሁለት ዙሮችን አገናኝታ ነበር፤ አምፖሉ ባይኖር ኖሮ ጥቅሉ በደቂቃ ውስጥ ይጨስ ነበር።

ፈተናውን ካለፈ አሁን ለአጭር ጊዜ ያለ አምፖል፣ በፊውዝ በኩል ሊሰካ ይችላል። ከመስካትዎ በፊት ማንኛውንም የተሸፈነ ቀጭን ሽቦ በመስኮቱ ውስጥ አንድ ዙር አሳልፈው ጫፎቹን በቴስተር የተለዋዋጭ ቮልቴጅ መለኪያ ላይ ያስሩ። ስፒናው ሲገባ የሚነበበው የአንድ ዙር ቮልቴጅ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ 1 ቮልት አካባቢ ይሆናል። ለምሳሌ 0.95 ካነበበ ሁለት ዙር 1.9፣ ሦስት ዙር 2.85 ቮልት ይሰጣል። ትራንስፎርመሩ ያለ ምንም ጭነት ቢያጉረመርምና ትንሽ ቢሞቅ አይደንግጡ፤ የዚህ ዓይነት ኮር በፋብሪካው በቁጠባ ስለተሠራ ባዶውንም 2 ወይም 3 አምፔር ሊስብ ይችላል። ከመንካትዎ በፊት ግን ስፒናው መነቀል አለበት፤ የ2000 ቮልቱ ጥቅል ቢወጣም የ220 ቮልቱ እግሮች አሁንም ሽፋን የላቸውም።

አዲሱን ጥቅል ማስገባት

ለስስ ላሜራ ሁለት ዙር ይበቃል። ኬብሉ የብየዳ ማሽን የሚጠቀምበት ለስላሳ የመዳብ ኬብል ሆኖ፣ መስኮቱ ከፈቀደ 70፣ ካልፈቀደ 50 ካሬ ሚሊሜትር ይሁን። እዚህ ላይ ቁጠባ አይሠራም፤ በ2 ቮልት 800 አምፔር ለመግፋት እያንዳንዱ ሴንቲሜትር ሽቦ፣ እያንዳንዱ የላላ ብሎን እንደ ግድብ ነው። ስሌቱን ለማየት፦ ከ220 ወደ 2 ቮልት መውረድ 110 ጊዜ ማነስ ስለሆነ፣ በጫፉ 800 አምፔር ሲያልፍ ከሶኬቱ የሚሳበው 7 አምፔር ገደማ ነው፤ በዚያ ላይ ኮሩ ባዶውን የሚስበው ይጨመራል።

ኬብሉን ከማስገባትዎ በፊት የመስኮቱን ግድግዳ ሞተር የሚጠቀልሉ ሰዎች በሚጠቀሙበት ወፍራም መከለያ ወረቀት ያልብሱ፣ በገቢው ጥቅልና በኬብሉ መካከልም ድርብ ያድርጉ። ኬብሉ አልገባም ካለ ሽፋኑን መላጥ አያስፈልግም፤ የሳሙና አረፋ ቀብተው በማዞር ይግፉት፣ ከዚያ በደንብ እስኪደርቅ ይጠብቁ። በድሬዳዋ ፀሐይ ይህ ከግማሽ ቀን አይበልጥም። ከኮሩ የሚወጡት ሁለት ጫፎች በተቻለ መጠን አጭር ይሁኑ፤ ሠላሳ ሴንቲሜትር ይበቃል። በጫፎቹ ላይ የመዳብ እግር በፕሬስ ይጨመቅ፤ በቆርቆሮ ማጣበቂያ ብቻ የተያዘ እግር ሲግል ይፈታል።

ሳጥኑና መስመሩ

ኮሩ በወፍራም ጣውላ ላይ በብሎን ይታሰራል። ሦስት ሽቦ ያለው 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ገመድ ይጠቀሙ፤ የመሬቱ ሽቦ ቀለሙ በፋይል በተፋቀ የኮሩ ቦታ ላይ በብሎን፣ በሮንዴላና በዳዶ ጠብቆ ይታሰር። የመሬት መስመር በሌለው ሶኬት ላይ ይህን መሣሪያ አይስኩ፤ በአሮጌ ቤቶች ሦስተኛው ቀዳዳ ለጌጥ ብቻ የተሠራበት ጊዜ ስላለ በኤሌክትሪክ ሠራተኛ ማስፈተሽ ተገቢ ነው። ከገመዱ ቀጥሎ ፊውዝ ወይም 16 አምፔር ብሬከር፣ ከዚያ የሙቀት መቁረጫዋ፣ ከዚያ የፔዳሉ ማብሪያ፣ በመጨረሻ የገቢው ጥቅል ይሆናል። መቁረጫዋ ከኮሩ ጋር ፊት ለፊት ተጣብቃ መቀመጥ አለባት። ፋኑ ከማብሪያው በፊት ስለሚገናኝ ስፒናው እስካለ ድረስ ይዞራል።

ማብሪያው ሁልጊዜ በ220 ቮልቱ በኩል ነው፤ 800 አምፔር የሚያቋርጥ ማብሪያ ተራ ዕቃ አይደለም። የ220 ቮልት ግንኙነቶች በሙሉ ጣት በማይገባበት ሳጥን ውስጥ ይዘጉ። ስስ ገመድ ያላቸውን ማከፋፈያዎች አይጠቀሙ፤ ገመዱ ይግላል፣ ብየዳውም ይደክማል። ትራንስፎርመሩ በተነሣበት ቅጽበት የሚስበው ጅረት ከፍ ያለ ስለሆነ ብሬከር አልፎ አልፎ ቢወድቅ፣ «ሲ» የሚል ምልክት ያለበትን ዓይነት መጠቀም እንጂ መጠኑን ማሳደግ መፍትሔ አይደለም።

የመበየጃው አፍ

አፉ እንደ ፒንሳ ሆኖ ሁለት ክንዶች ያሉት ነው። ክንዶቹ ከእንጨት፣ ጫፎቹ ከ8 ወይም 10 ሚሊሜትር ሙሉ የመዳብ ዘንግ ይሠራሉ። ለመሬት ማስገቢያ የሚሸጠው ቀይ ዘንግ መዳብ መስሎ ይሸውዳል፤ ውስጡ ብረት ነው። ማግኔት ያስጠጉት፤ ከሳበው አይሆንም። የየዘንጉን ጫፍ በፋይል አሹለው፣ ሹሉን ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ጠፍጣፋ አድርገው ይጨርሱት። ሁለቱ ጫፎች ሲገናኙ ዓይን ለዓይን መተያየት አለባቸው፤ አንዱ ወደ ጎን ካዘነበለ ላሜራው ይቀደዳል እንጂ አይጣበቅም። ከኬብሎቹ መካከል ትልቅ ብረት አያሳልፉ፤ ጅረቱን ያዳክማል።

መበየድ

ቀለበት፣ የእጅ ሰዓትና አምባር ይውለቁ። 2 ቮልት ሰውን አይነዝርም፤ ነገር ግን በሁለቱ ጫፎች መካከል የገባ ቀለበት ከጣትዎ ጋር ይግላል። የልብ ምት ማስተካከያ የተገጠመለት ሰው ከአጠገቡ ይራቅ። መነጽር ግዴታ ነው፤ ብልጭታው ወዴት እንደሚዘል አያማክርም።

ለመጀመሪያ ሙከራ ግማሽ ሚሊሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት የብረት ላሜራ ቁራጮች ይውሰዱና ዝገቱንና ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ይፋቁት። ቅደም ተከተሉ አይለወጥም፤ በመጀመሪያ ይጫናል፣ ከዚያ ፔዳሉ ይረገጣል፣ ከዚያ ፔዳሉ ይለቀቃል፣ ጭነቱ የሚነሣው ግን ነጥቡ ጥቁር እስኪሆን አንድ ሁለት ሰከንድ ከቆየ በኋላ ነው። የፔዳሉ ጊዜ ለዚህ ውፍረት 1 ወይም 2 ሰከንድ ነው። ሲሳካ በጫፎቹ ዙሪያ እንደ ጀንበር ግባት የቀላ ትንሽ ክብ ይታያል፤ መሃሉ ሊነጣ ሲል እግር መነሣት አለበት። ብልጭታ ከተረጨ ጭነቱ አንሷል። ነጥቡ ሳይቀላ ጫፎቹ ብቻ ከጋሉ ላሜራው ቆሽሿል ወይም የኬብሉ እግር ላልቷል። ላሜራው ከጫፉ ጋር ከተጣበቀ ጫፉ ሰፍቷልና እንደገና በፋይል ይሳል።

የተበየዱትን ሁለት ቁራጮች በሞርሳ ይዘው በፒንሳ ይገንጥሏቸው። ነጥቡ ተገንጥሎ በአንዱ ላሜራ ላይ ቀዳዳ፣ በሌላው ላይ እንደ ቁልፍ የቆመ ጉብታ ከተወ ብየዳው ትክክል ነው። ሁለቱም ልሙጥ ሆነው ከተላቀቁ አልተጣበቁም፤ ጊዜውን በግማሽ ሰከንድ ይጨምሩ። አንድ ሚሊሜትር በአንድ ሚሊሜትር ላይ ከዚህ በላይ ስለሚጠይቅ በአንድ ትራንስፎርመር አይሞክሩት። አሉሚኒየምና መዳብም አይበየዱም፤ ጅረቱን ሳይግሉ ያሳልፉታል። የቤት ቆርቆሮ ይበየዳል፤ ነገር ግን የዚንክ ሽፋኑ ሲቃጠል የሚወጣው ነጭ ጭስ ትኩሳት የሚያመጣ ስለሆነ ደጅ ላይ፣ ነፋሱን ወደ ጀርባ አድርጎ መሥራት ይገባል።

በእኛ ከተማ ሙቀት የሚጠነቀቁለት ሌላ ነገር ዕረፍት ነው። ከ1800 ሜትር በላይ ባለችው ሐረር አንድ ጓደኛዬ በተመሳሳይ መሣሪያ ሃያ ነጥብ ያለ ማቋረጥ ይመታል። እኔ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከቀትር በኋላ ይህን ሞክሬ የሙቀት መቁረጫዋ ደጋግማ አቁማኛለች፤ ደግማም አድናኛለች። ስለዚህ የከሰል ምድጃ ላሜራ ወይም የመሣሪያ ሳጥን ስበይድ ሥራውን ከጠዋቱ 1 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ እጨርሳለሁ፤ ከየአሥሩ ነጥብ በኋላም አምስት ደቂቃ አሳርፋለሁ። ስፒናውን ነቅዬ መዳፌን ኮሩ ላይ አደርጋለሁ፤ እስከ አሥር ቆጥሬ መያዝ ካልቻልኩ ፋኑን ብቻ መልሼ አስነሣና ሻይ እስክጠጣ ድረስ ፔዳሉን አልነካም።